ጨው የሚያልፍበት አንጀት

ልጄ «እማዬ፣ ገበያ ከወጣሽ ፊኛ እንዳትረሺብኝ» አለችኝ፤ እኔም አልረሳሁም። የሐርጌሳን ዋሄን ገበያ ከዳር እስከ ዳር ዞሬ፣ በተሸካሚዎች ክርን ተጎሽሜ፣ ከአንድ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ቀይና ቢጫ ፊኛ ገዛሁ። ደስ ይላታል ብዬ አንዱን መንገድ ላይ ነፍቼ፣ በክር አስሬ፣ እያውለበለብኩ ገባሁ።

ልጄ ፊኛውን አየች። ከዚያ እኔን አየች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ፊኛ ነዋ።»

«እማዬ! ፊኛ ነው እኮ ያልኩሽ!»

«ይኸው ፊኛ! ቢጫው ካላማረሽ ቀዩን ውሰጂ።»

«የበግ ፊኛ!»

«በግ ደግሞ ፊኛ ምን ያደርግለታል?»

በሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርግ የነበረው ባሏ ጫማውን ጥሎ ግድግዳ ተደገፈ። ሳቁ ሲያንቀው፣ ሲመልሰው፣ እንደገና ሲያንቀው ቆየና «እማማ» አለኝ እንባውን እየጠረገ፣ «የሽንት ፊኛ ማለቷ ነው። ከሆድ ውስጥ የሚወጣውን።»

እንግዲህ ይሄ የአማርኛ ጥፋት ነው እንጂ የኔ አይደለም። ሶማሊኛ ለሁለቱም የየራሱ ስም አለው። በሶማሊኛ ብትነግረኝ ኖሮ የልጆች መጫወቻን ከበግ ሆድ ዕቃ ጋር አላምታታም ነበር። ግን እኛ ቤት የሚወራው አማርኛ ነው። ልጄን የወለድኳት ድሬዳዋ ነው፤ ባሏም የሐርጌሳ ልጅ ቢሆን በስደት እኛ ሰፈር ነው ያደገው። ከጦርነቱ በኋላ ከተማው መልሶ መሠራት ሲጀምር «የአባቴን ቤት ጣራ ላልብስ» ብሎ መጣ። ልጄ ተከተለችው። እኔ ደግሞ ልጠይቃቸው ብዬ መጥቼ ቀረሁ። መሄድ እወዳለሁ፤ የምሰንፈው መመለስ ላይ ነው።

ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ። ልጄ ድሬዳዋ ኬሚስትሪ ታስተምር ነበር። እዚህ ስትመጣ ትምህርት ቤቶቹ ገና የፈረሰ ግድግዳቸውን እየገጠሙ ነው፤ ለኬሚስትሪ ማን ጊዜ አለው? ቤት ተቀምጣ ጎረቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ሲመታ ስታዳምጥ ትውላለች። በኋላ ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር አንድ ትምህርት ቤት ተከፈተና መምህር ፈለገ። ርዕሰ መምህሩ «አንድ ክፍለ ጊዜ እኔ ባለሁበት አስተምሪ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አላት። በዚያው ሰሞን የድሮ ትምህርት ቤቷ ከድሬዳዋ «ቦታሽ ክፍት ነው፣ ነይ» ብሎ ልኮባታል። ባሏ የተጀመረ ጣራ ጥሎ አይሄድ፣ እሷ ያለ ሥራ አትቀመጥ። እዚህ ካልተቀበሏት እሷ ድሬዳዋ፣ እሱ ሐርጌሳ ሊቀሩ ነው። ይህን ጮክ ብለው አያወሩትም። እራት ላይ «ብላ እንጂ»፣ «አንቺ ብዪ እንጂ» መባባል ሲያበዙ ነው እኔ የገባኝ። በደህናው ጊዜማ ሥጋ ይሻማሉ።

ለፈተናው የመረጠችው ትምህርት ኮሎይድና ክሪስታሎይድ የሚባል ነው። የተለማመደችውም እኔ ላይ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደሉን እንኳ የለቀምኩት እሷ ልጅ ሆና ስታጠና አጠገቧ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። «አንቺ ከገባሽ ለማንም ይገባል» አለችኝ። ምስጋና ነው ብዬ ተቀበልኩ።

«በድሮ ጊዜ አንድ ሊቅ ነበር» ብላ ጀመረች፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ። «ይህ ሊቅ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ነገር ሁሉ ለሁለት ከፈለው። በስስ ቆዳ ሾልኮ የሚያልፍ አለ፤ እንደ ጨው፣ እንደ ስኳር። ይሄኛው ሲደርቅ ጥርት ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ጠጠር ይሠራል፤ ክሪስታሎይድ አለው። ቆዳው የሚያስቀረው ደግሞ አለ፤ እንደ ሙጫ፣ እንደ አሚዶ፣ እንደ እንቁላል ነጩ። ይሄኛውን ኮሎይድ አለው። ስሙም የመጣው ከሙጫ ነው።»

«ከኮላ ነዋ!» አልኩ። «አናጢዎቹ በር የሚያጣብቁበት ኮላ!»

«በትክክል!» አለች።

በዕድሜዬ «በትክክል» ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። «እሺ» ይሉኛል፣ «ይሁንልሽ» ይሉኛል፣ «በትክክል» ግን ያን ቀን ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ!

ምንጣፉ ላይ ጋደም ያለችው ኤዶ ግን ብድግ አለች። ኤዶ የአማቼ አክስት ናት፤ ሶማሊዎች የአባትን እህት እንዲህ ነው የሚጠሯት። ለኢድ መጥታ ፍራሿን ጭምር ይዛ የቀረች ሴት ናት። አማርኛ አትሰማም፤ ስም ግን ከየትኛውም ቋንቋ መሀል ትለቅማለች። «ክርስቲያን የሆነው ማነው?» አለች በሶማሊኛ።

«ጨው» አልኳት።

«ጨው! ከመቼ ጀምሮ?»

«ኤዶ፣ ክሪስታሎይድ ነው ያልኩት» አለች ልጄ። «የሃይማኖት ነገር አይደለም።»

«ታዲያ የማን ልጅ ነው?»

ኤዶ ዘሩን ያልጠየቀችውን ሰው ሻይ አታቀርብለትም፤ ጨውንም አላለፈችውም። ልጄ በትዕግሥት ቁጢጥ አለችና «ዛሬ ሊቃውንቱ ዘሩ አይደለም ወሳኙ ይላሉ» አለቻት። «ያው አንዱ ነገር አንድ ቦታ ኮሎይድ፣ ሌላ ቦታ ክሪስታሎይድ ሊሆን ይችላል። ቁም ነገሩ ውሃው ውስጥ ያለው ቅንጣት ግዝፈት ነው። ቀጭኑ ያልፋል፤ ወፍራሙ ይቀራል።»

ኤዶ ቁልቁል ወገቧን አየች። «ስለኔ ነው እንዴ የምታወሩት?»

እኔ በበኩሌ ቤቱን ሙሉ መመደብ ጀመርኩ። «ሻይስ?» አልኳት ልጄን።

«የቱ ሻይ?»

«ይሄ የኛ፤ የግመል ወተትና ስኳር ያለበት።»

«ስኳሩ ክሪስታሎይድ ነው፣ ወተቱ ኮሎይድ።»

ከዚያ ወዲህ ሻይ ስጠጣ ሁለት ዓይነት እንግዳ ባንድ ብርጭቆ እያስተናገድኩ ይመስለኛል። ጎረቤቶቻችንንም አጣራኋቸው። ወንፊት ተውሳ፣ አመስግና፣ ውልቅ የምትለዋ ክሪስታሎይድ ናት። «በሉ ልሂድ» ብላ የበሩን እጀታ ይዛ ሌላ ወሬ የምትጀምረዋ፣ ያቺ ኮላ ናት። አማቼ «እኔስ፣ እማማ?» አለኝ።

«አንተ ገና አልተፈተንክም» አልኩት። ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ሚስቱን ሰርቆ አያት፤ እሷም አቀረቀረች። የሚፈተነው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ታዲያ ይህን ሁሉ ተማሪዎቹ በዓይናቸው እንዲያዩት ስስ ቆዳ ያስፈልጋታል። የፊኛው ጣጣ የመጣው በዚህ ነው። ቀይና ቢጫዬን ይዤ የገባሁት በፈተናው ዋዜማ ነበር።

«ላስቲኩስ አይሆንም?» አለ አማቼ፣ እኔን ሊያስታርቀኝ።

«ላስቲክማ ጨውንም አያሳልፍም» አለች ልጄ። «ነገ በጠዋት የበጉን ፊኛ እንፈልጋለን።»

ኤዶ የምን ፊኛ እንደሆነ ሲተረጎምላት ጆሮዋን ያዘች። «የበግ ሽንት መያዣ ይዘሽ ልጆች ፊት ልትቆሚ ነው? አስተግፊሩላህ!»

«ታጥቦ ነው እኮ፣ ኤዶ።»

«ታጥቦስ! እናቶቻቸው ቢሰሙ ከፈተናው ይልቅ አንቺን ነው የሚያወሩት።»

 እውነትም ነው፤ የሰው አገር ባይሆንም የባል አገር ነው። «እንግዲያው አንጀት?» አለች ልጄ ቀስ ብላ።

«አንጀትማ እንበላው የለ» አለች ኤዶ፤ በዚህ ጸደቀ።

በማግስቱ ማለዳ ሥጋ ተራ ሄጄ የበግ አንጀት አመጣሁ። አንጀት ማጠብ ደግሞ ከኔ በላይ የለም ባይ ነኝ። ገለበጥኩት፤ በጨው አሸሁት፤ ቀጥሎ በዱቄት፣ ሙልጭልጩ እስኪለቅና ሽታው እስኪጠፋ፤ ከዚያ መልሼ ገልብጬ ውጭውንም በዱቄት አሸሁት። ውሃ የሚያመጣው ቦቴ ስላልመጣ በርሜላችን ታቹ ብቻ ነበር፤ አለቅለቅ አድርጌ አወጣሁት። ልጄ አሚዶ በውሃ አፍልታ፣ ጨው ጨምራ፣ አቀዝቅዛ አንጀቱ ውስጥ ሞላችና ሁለቱን ጫፍ በክር ጥብቅ አድርጋ አሰረች። ቋሊማ ይመስላል። እሱን፣ ትልቅ የብርጭቆ ማሰሮ፣ ለቁስል የሚቀባውን አዮዲን፣ የእጅ ባትሪ፣ ብርጭቆዎች፣ ትንሽ ወተት፣ የተረፈውን አሚዶና ከበርሜሉ የቀረችውን ውሃ በዘንቢል ይዘን ወጣን። እኔን የወሰደችኝ ለዘንቢሉ ነው።

የመማሪያ ክፍሉ አንዱ ግድግዳ አዲስ ብሎኬት ነው፣ ሌላው የድሮው፤ የጥይት ቀዳዳው በሲሚንቶ ተደፍኖ እንደ ኩፍኝ ምልክት ይታያል። መስኮቶቹ ቦታቸው እንጂ መዝጊያቸው ገና አልመጣም። ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ከጠረጴዛው ስር አልገባ ብሎ በጎን ዞርኩ። ርዕሰ መምህሩ፣ ጺማቸውን ሂና የተቀቡ ረጋ ያሉ ሰው፣ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና እሳቸውም በጎን ዞሩ። እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተፋጠጥን።

ልጄ አንጀቱን ማሰሮው ውስጥ በንጹህ ውሃ ነክራ ማስተማር ጀመረች፤ በሶማሊኛ፣ ስሞቹን በእንግሊዝኛ እየጻፈች። አቤት ስታምር! ቤት ውስጥ ጨው የት እንዳስቀመጠች የሚጠፋት ልጅ እዚያ ሰሌዳው ፊት የጨውን ጠባይ አንድ በአንድ ትዘረዝራለች። በኋላ ከአንጀቱ የተረፈውን የአሚዶ ውሃ በብርጭቆ አወጣችና አዮዲን ጠብ አደረገችበት። እንደ ቀለም ጠቆረ፤ ሰማያዊ ጥቁር። ተማሪዎቹ «ዋው!» አሉ።

«አሚዶ ባለበት አዮዲን እንዲህ ይሆናል» አለች። «አሁን ደግሞ ከአንጀቱ ውጭ ካለው ውሃ እንቅዳ። አሚዶ ኮሎይድ ስለሆነ አያልፍም። ስለዚህ ይሄኛው አይጠቁርም።»

ጠብ አደረገች። ጠቆረ።

 ፊት ከተቀመጡት ልጃገረዶች አንዷ በጣም በትሕትና «መምህርት፣ አለፈ እኮ» አለች።

ርዕሰ መምህሩ ጺማቸውን ማሻሸት አቆሙ። እኔ የልጄን ጀርባ ነው የማየው፤ ትከሻዋ ሽቅብ ወጣ። ድሬዳዋ ታየችኝ፤ አማቼ ብቻውን እራት ሲበላ ታየኝ። እሷ ግን አንጀቱን ከማሰሮው አወጣች፤ ቋጠሮውን አየች፣ ጨመቅ አድርጋ አየች። የሚያፈስ የለም። ከዚያ ዞራ ተማሪው ሁሉ እያየ በአማርኛ ጠራችኝ።

«እማዬ! አንጀቱን በምን አጠብሽው?»

«በደንብ አድርጌ!»

«በምን?»

«በጨው ነዋ። በዱቄትም።»

«በዱቄት?»

«አንጀት ያለ ዱቄት ይታጠባል እንዴ? ምን ሆነሻል?»

ተማሪዎቹ ቃሉ ባይገባቸውም ዜማው ገባቸውና ፈነዱ። እናትና ልጅ መሆናችንን ማን ሊነግራቸው! ልጄ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች፤ እሷም ልትስቅ ትንሽ ቀርቷታል። «አሚዶው ከአንጀቱ ውስጥ አልወጣም» አለቻቸው በሶማሊኛ። «ከእናቴ ነው የወጣው። ዱቄት ውስጥ አሚዶ አለ። አንጀቱን በዱቄት አሽታዋለች፤ የቀረው ነው ውሃውን ያጠቆረው። ይሄ የኔ ግምት ነው። ግምቴ እውነት ይሁን ውሸት በምን እንወቅ?»

«ይታጠብና ይደገም!» አለች ያቺው ትሑቷ ልጅ።

«ይደገም!» አሉ ሁሉም።

ለማጠብ ግን ውሃ የለም። ያመጣነው አልቋል፤ የትምህርት ቤቱም በርሜል እንደ እኛው ቦቴ ይጠብቃል። ርዕሰ መምህሩ ጉልበታቸውን ከአግዳሚው አላቀው ወጡና የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። «ለዙህር ሶላት መታጠቢያ፣ ለውዱ የያዝኩት ነው» አሉ። «እንግዲህ አላህ ያውቃል፣ ለዕውቀት ነው።»

ተነስቼ ላጥብ ስል ልጄ «አንቺ አትንኪው!» አለችኝ። ወደ አግዳሚዬ ተመለስኩ። እራሷ ከውጭ በኩል ደጋግማ አጠበችው፤ ማሰሮውንም አለቀለቀችና በቀረው ውሃ እንደገና ነከረችው።

ጨው እስኪያልፍ ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያው ሁለት ብርጭቆ አቀረበች፤ አንዱ ጨው ያለበት፣ አንዱ ወተት ጠብ ያለበት። ባትሪ ሲበራበት በጨው ውሃው ብርሃኑ ሳይታይ ያልፋል፤ በወተቱ ውስጥ ግን፣ ወተት ኮሎይድ ስለሆነ፣ መንገዱ ወለል ብሎ ይታያል አለች። ምን ያደርጋል፣ መዝጊያ በሌለው መስኮት ፀሐይዋ ገብታ ባትሪው ራሱ አልታይ አለ። «እማዬ፣ ሻርፕሽን» አለችኝ። ሰፊው ሻርፔ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ፤ ተማሪዎቹ በየተራ ጭንቅላታቸውን እያስገቡ «አየሁ! አየሁ!» እያሉ ወጡ። ርዕሰ መምህሩም ተራቸው ደርሶ ገቡ። ገቡና ቀሩ። ከሻርፑ ስር «ሱብሓነላህ! መንገዱ ይታያል!» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ሰውየው ግን አይመጡም። ሰልፉ እያጉረመረመ ነው።

«እኚህ ሰውዬ ኮሎይድ ናቸው» አልኳት ልጄን በጆሮዋ። ከንፈሯን ነክሳ ወደ ሰሌዳው ዞረች።

ሲወጡ ሂናው ጺማቸው ተንጨፍሮ ነበር። «በሉ፣ አሁን ያንን እንየው» አሉ፤ ሁላችንም ማሰሮውን ከበብን። እኔ እንኳ ከኋላ አልቀረሁም፤ በሁለት ልጃገረዶች መሀል አገጬን አስገብቻለሁ። ልጄ ከውጭኛው ውሃ በብርጭቆ ቀዳች። አዮዲኑን አነሳች። ጠብ አደረገች።

እንደ ቀጭን ሻይ ቢጫ ሆነና ቀረ። አልጠቆረም።

ጩኸቱ ቆርቆሮ መቺዎቹን ከጎረቤት ጣራ ላይ ቀና አደረጋቸው። ልጄ ግን ገና አልጨረሰችም። «አሚዶው አላለፈም። ጨውስ አልፏል? አዮዲን ካልገባበት ከማሰሮው ማን ይቀምሳል?»

የዚያን ጊዜ ሁሉም ጣራ ጣራ አየ። የበግ አንጀት የተነከረበት ውሃ ነው፤ አልፈርድባቸውም።

«እኔ እቀምሳለሁ» አልኩ።

«አንቺ አይሆንም፣ እማዬ» አለች። «ገለልተኛ ሰው ነው የሚያስፈልገን።»

ስለዚህ የተማሪው ዓይን ሁሉ ገለልተኛው ሰው ላይ አረፈ። ርዕሰ መምህሩ ግራ ቀኝ አዩ፤ ሌላ ገለልተኛ የለም። «ቢስሚላህ» ብለው የጣታቸውን ጫፍ ነክረው ምላሳቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። 

«ጨው ነው» አሉ። ጣታቸውን ጠረጉና «ቅመም ግን ይጎድለዋል» ብለው ጨመሩ።

ደወሉ ሲደወል ማንም አልተነሳም፤ የቀሩት በሙሉ ለመቅመስ ይጋፉ ነበር። ልጄ ናት ማሰሮውን ቀምታ ያስወጣቻቸው።

ከዚያ ቢሮ ጠሩን። ቢሮ ማለት አንድ ጠረጴዛና የሲሚንቶ ከረጢት ክምር ነው። ልጄ ወንበር ላይ፣ እኔ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። ርዕሰ መምህሩ ባዶ ማንቆርቆሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ትንሽ አዩት።

«እህቴ» አሉ፣ «ውሃው ሲጠቁር ‹በመጽሐፉ እንዲህ ነው፣ ጻፉ› ብለሽ ትቀጥያለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር። እኛ የተማርነው እንደዚያ ነው። እነዚህ ልጆች ግን ዛሬ ‹ይደገም› አሉ። እኔ ይህን ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ ልጅ ‹ትምህርት ይደገም› ሲል ሰምቼ አላውቅም።» ጺማቸውን አስተካከሉ። «ሳምንቱ ቅዳሜ ሲጀምር አንቺም ጀምሪ።»

ልጄ «እሺ» ከማለቷ በፊት እኔ ነኝ «አልሐምዱሊላህ» ያልኩት፤ ሲሚንቶውን መታ አድርጌ፣ ቢሮው በአቧራ እስኪሞላ። ከአቧራው ውስጥ እያሳሉ «እናትሽም ሲፈልጉ ይምጡ» አሏት። «አንጀቱን ግን ሌላ ሰው ይጠብ።»

ውዱ ሊያደርጉ ማንቆርቆሪያውን አንጠልጥለው ወደ ጎረቤት ሲሄዱ እኛ ሚኒባስ ያዝን። ልጄ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ዘንቢሉን አቅፋለች። «ለባልሽ ምን ብለሽ ነው የምትነግሪው?» አልኳት፤ አትሰማም። «እራትስ ምን ይሠራ?» አትሰማም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ የቅዳሜውን ትምህርት ጀምራዋለች መሰለኝ።

ሾፌሩ በመስተዋቱ አያትና «እህት፣ የት ነው የምትወርጂው?» አላት።

«ኬሚስትሪ» አለችው።

«እኔ እዚያ አልደርስም» አላት። «መሀል ከተማ ነው የማቆመው።»